ለአንድ መስኮት የተሠራ ቤት

ይሄነው ሽባባው በግንቦት 2010 ዓ.ም. የክሊራንስ ቅጽ ይዞ ከቢሮ ቢሮ ዞረ። ቅጹ አሥራ አንድ የፊርማ ቦታ ነበረው። ንብረት ክፍል ጠረጴዛና ወንበሩን ቆጥሮ ፈረመለት። ቤተ መጻሕፍቱ ያልተመለሰ መጽሐፍ የለበትም ብሎ ፈረመ። የስፖርት ክበቡ እንኳ፣ ኳስ ነክቶ የማያውቀውን ሰው፣ ማልያ አለመውሰዱን በደብተር አረጋግጦ ፈረመለት። በሁለት ቀን ውስጥ አሥሩ ሞላ። አሥራ አንደኛው «የሥራ ርክክብ» ይላል፤ ከሥሩ ሁለት መስመር አለ፣ አንዱ ለአስረካቢ፣ አንዱ ለተረካቢ። ይሄነው በአስረካቢው ላይ ፈረመ። የተረካቢው ባዶ ቀረ፤ ዘጠኝ ወርም ባዶውን ከረመ።

የሚሠራው በእንጅባራ ከተማ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ የሠራተኞች ማኅደር በሚጠበቅበት ክፍል ነው። ክፍሉ ከግቢው በስተኋላ ያለ ባለ ቆርቆሮ ቤት ነው። ዝናብ ሲወርድ ስልክ አይሰማበትም፣ በእንጅባራ ደግሞ ዝናብ የማይወርድባቸውን ወራት መቁጠር ይቀላል። ብረት የገባበት አንድ መስኮት አለው። በመስኮቱ የሚታየው አጥሩን ተከትሎ የበቀለው፣ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ ዛፍና ከአጥሩ ማዶ ከሰል ጭኖ የሚያልፍ መኪና ነው።

ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመቱ ነበር። ሚስቱ ፀደይ ባሕር ዳር ነርስ ናት። በሐምሌ 2009 ተዛውራ ስትሄድ የስድስት ወር ልጃቸውን ምሕረትን ይዛ ሄደች። ይሄነው በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ከሥራ ሲወጣ በሚኒባስ ወደ እነሱ ይሄዳል፤ እሑድ ከሰዓት ይመለሳል። በባሕር ዳር አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ሊቀጥረው ተስማምቶ ነበር። የቀረው መልቀቂያ ብቻ ነው። መልቀቂያ ያለ ክሊራንስ አይጻፍም።

በዚያው በግንቦት አንድ ቅዳሜ፣ ምሕረት ከበር ላይ አይታው «ጋሼ!» አለችው። የአከራዮቻቸው ልጆች እንደዚያ ነው የሚጠሩት፤ ከእነሱ ለምዳ ነው። «አባባ» የምትለው አከራዩን ነበር፤ ያንንም የለመደችው ከእነሱ ነው።

«ኧረ አባባ በይ፣ አባባሽ እኮ ነው» አለቻት ፀደይ እየሳቀች።

«ጋሼ» አለች ሕፃኗ፣ ጫማውን እየነካካች።

ይሄነውም ሳቀ። በማግስቱ ሚኒባሱ ዳንግላን እስኪያልፍ ድረስ ግን ቃሉ ከጆሮው አልወጣም።

የተረካቢው መስመር ባዶ የሆነበት ምክንያት ከአምስት ዓመት በፊት የሚጀምር ነው።

አባቱ መምህር ሽባባው በዳንግላ ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማሩ ሰው ነበሩ። በ2005 ክረምት ሕመሙ ሲጸናባቸው ይሄነው ነሐሴ 30 ቀን ከእንጅባራ ሄደ። ጳጉሜ 1 ቀን አባትየው ትራስ ተደግፈው በ1978 ያስተማሩትን የስድስተኛ ክፍል ስም ከመጀመሪያው ወንበር እስከ መጨረሻው ጠሩለት፤ የቀሩትን «ቀሪ» እያሉ። ጳጉሜ 2 ቀን «ጢሜን ላጨኝ፣ ሰው ይመጣል» አሉት፤ ላጫቸው። ጳጉሜ 3 ቀን እሑድ ነበር፣ የሩፋኤል ዕለት። የሰፈሩ ልጆች ጠበል ነው በሚሉት ዝናብ ውስጥ እየጮሁ ሲሯሯጡ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ አረፉ።

ከዓመት በኋላ ይሄነው ለሌላ ጉዳይ በኮምፒውተሩ ማኅደር ሲፈልግ የአባቱ ስም ከፊቱ ወጣ። የመምህራኑም ማኅደር በዚያው ክፍል ነበር የሚጠበቀው። የሞቱበት ቀን በሚለው ቦታ «ነሐሴ 30 ቀን 2005» ተጽፏል።

የመዘገበችውን ሠራተኛ ጠየቃት።

«ምን ላድርግ ወንድሜ» አለችው። «የወር መምረጫው አሥራ ሁለት ብቻ ነው። ጳጉሜ የሚል የለውም። የቀረበውን መረጥኩ።»

እውነቷን ነው። ፕሮግራሙን ከዓመታት በፊት ለመሥሪያ ቤቱ የሠራው ሰው ዓመት አሥራ ሁለት ወር ነው ብሎ ነው የሠራው። ይሄነው ወረቀቶቹን አውጥቶ ከኮምፒውተሩ ጋር ሲያመሳክር በጳጉሜ የተወለደ፣ የተቀጠረ ወይም የሞተ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው አገኘ፤ አንዱም በቀኑ አልነበረም። ግማሹ ወደ ነሐሴ 30፣ ግማሹ ወደ መስከረም 1 ተገፍቷል። በመዝገቡ መሠረት አባቱ ጢማቸውን ሲላጩ ሞተው ነበር።

የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ አቶ ደጉን አዲስ ፕሮግራም ልሥራ ብሎ ጠየቃቸው።

«ሥራ» አሉት። «በጀት እንዳትለኝ እንጂ ሥራ።»

ከመናኸሪያው አጠገብ ዑስማን የሚባል ጓደኛው የኮምፒውተር መጠገኛና ማሠልጠኛ ሱቅ አለው። የዑስማን ቤተሰብ በዳንግላ የታወቁ የጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው፤ እሱ ጨርቁን ትቶ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። ከ2007 መጀመሪያ አንሥቶ እሑድ እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች እሱ ሱቅ ይሰበሰባሉ። ሲጀምሩ ሰባት ነበሩ፤ በሚያዝያ ሃያ አንድ ሆኑ። አብዛኞቹ የመንግሥት ሠራተኞችና መምህራን ናቸው። ከጫግኒ በአውቶቡስ የምትመጣ አንዲት ልጅም ነበረች። ኔትወርኩ ስለማያስተማምን አንዱ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሲሄድ ያወረደውን በፍላሽ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ይገለብጣል።

በዚያ ሚያዝያ የተነሣው ክርክር የትኛውን ፍሬምወርክ እንያዝ የሚል ነበር። ፍሬምወርክ የሚሉት ድረ ገጽ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም የሚቆምበትን አጥንት ነው፤ ማገሩና ወራጁ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅህ ቤት ማለት ነው፣ አንተ ግድግዳውን ትመርጋለህ። ሁሉም አንድ ዓይነት ከያዘ አንዱ የሌላውን ችግር ይፈታል፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይረከበዋል። የስብሰባው ሐሳብ ይህ ነበር።

የቴክኒክና ሙያ መምህሩ ውብአየሁ ኮድኢግናይተር ይሻላል ባይ ነው፤ ትንሽ ነው፣ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ዑስማን ላራቬል ነው የሚለው።

«ላራቬል ላራቬል ትላለህ» አለው ውብአየሁ፤ «ማውረድ ስትጀምር እኮ ፀጉርህ ጥቁር ነበር።»

«ሲወርድ ግን ሠርግ ነው።»

«የእኔ አንድ ሻይ ሳልጨርስ ይወርዳል።»

«አዎ፣ ሥራህንም ሰው በአንድ ሻይ ነው የሚገዛህ። ባሕር ዳር ሂድና የሥራ ማስታወቂያ አንብብ፣ ምን እንደሚፈልጉ።»

«ጃንጎስ?» አለች የጫግኒዋ ልጅ።

«ጃንጎን የምትወዱት አንቺና ያ ከዳንግላ የሚመጣው ወጣት መምህር ብቻ ናችሁ፤ ተጋቡበት» አላት ዑስማን፤ ሱቁ በሳቅ ተናጋ።

ይሄነው አልሳቀም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሦስቱንም ሞክሯቸው ነበር። በሦስቱም ትንሽ ቅጽ ሠርቶ አንድ ቀን አስገባባቸው፦ ጳጉሜ 3 ቀን 2005። አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል የለም ብለው በቀይ ጽሑፍ መለሱት። ከዚያ የፈረንጁን ቀን ማስያ ለብቻው ወስዶ ጥቅምት 30ን ሰጠው። እሱ ተቀበለው፤ ሲያወጣው ግን ኅዳር 2 ሆኖ ወጣ። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነው፤ በፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር ግን ሠላሳኛ ቀን የለም፤ ማሽኑ የተረፈውን ቀን ቆጥሮ ወደሚቀጥለው ወር ይወስደዋል፣ ምንም ሳይናገር።

ይህን ሲያስረዳቸው «ከእምቢታው ይሄኛው ይብሳል» አላቸው። «እምቢ ያለህን ታውቀዋለህ።»

«ወዳጄ፣ ይሄ እኮ ቀላል ነው» አለ ዑስማን። «ቀኑን ሲገባ ወደ ፈረንጅ ቀይረህ ታስቀምጠዋለህ፣ ሲወጣ ትመልሰዋለህ። ሠላሳ መስመር ኮድ ነው። ከተጠቃሚው ማንም አያየውም።»

«ውስጥ የሚቀመጠው ምንድን ነው ታዲያ?»

«ሴፕቴምበር ስምንት።»

«አባቴ ሴፕቴምበር ስምንት አልሞተም።»

 ዑስማን ለቅሶ የደረሰ ሰው ነው፤ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ውሏል። ወንበሩን አስጠግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይሄነው፣ ለአንድ መስኮት ብለህ ቤት ልትሠራ ነው?»

«መስኮቱ ካልሆነ ቤቱ ምን ይሠራልኛል?»

በዚያ እሑድ እጅ ወጣ። ላራቬል አሥራ አንድ፣ ኮድኢግናይተር ሰባት፣ ጃንጎ ሁለት። ይሄነው እጁን አላወጣም።

የራሱን ፍሬምወርክ ጻፈ። አሥራ አምስት ወር ፈጀበት፤ ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። ጥርባ ብሎ ሰየመው። ጎብኚ ሁሉ ዘንገናን አይቶ ሲመለስ ከዘንገና ብዙ የማይርቀውን ሌላውን ሐይቅ የሚያስታውሰው የለም፤ ስለዚህ ጥርባ። ትእዛዞቹን በፊደላችን ጻፋቸው፤ «አምጣ»፣ «መዝግብ»፣ «አመሳክር» ብለህ ነው ማሽኑን የምታዘው። በጥርባ ውስጥ ዓመት አሥራ ሦስት ወር ነው። ጳጉሜ አምስት ቀን አላት፣ በየአራት ዓመቱ ስድስት። ጥቅምትም እንደ ወንድሞቹ ሠላሳ ነው።

ጳጉሜ 1 ቀን 2008 የመጀመሪያውን ማኅደር አስገባ። የአባቱን ነው። «ጳጉሜ 3 ቀን 2005» ብሎ ጻፈና መዝግብ አለው። ማሽኑ መዘገበው። መልሶ አምጣ አለው፤ እንዳለ አመጣለት። ይሄነው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ውጭ ዝናቡ እስኪያባራ እንዲሁ ተቀመጠ። ለእሱ ከቀብሩ ቀን በኋላ የመጀመሪያው ዕረፍት ነበር።

አቶ ደጉ ኮሩበት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ማኅደር ክፍሉ ይዘው ይመጣሉ። «የእኛው ልጅ ነው የሠራው፤ ከውጭ የተገዛ እንዳይመስላችሁ» ይላሉ። በዓመት ውስጥ ስድስት ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ ማኅደር ገባበት። ጡረታ የሚወጣው፣ ደረጃ የሚያድገው፣ የሚዛወረው ሁሉ ስሙ የሚወጣው ከጥርባ ነው። አንድ ነገር ሲበላሽ ይሄነው ይጠራል። ፀደይ ስትወልድ፣ ጥር 2009፣ ከወሊድ ክፍሉ በር ላይ በስልክ ሦስት ጊዜ ጠርተውታል።

እንግዲህ በግንቦት 2010 ቅጹን ይዞ አቶ ደጉ ዘንድ ሲገባ የሆነው ይህ ነው።

«ማን ይረከብሃል?» አሉት።

«ሰው ይመደብልኝና ላስተምር።»

«እሺ፣ ይሄን ነገር የሚያውቅ ሰው ማን አለ?»

«ማንም የለም።»

«ታዲያ እኔም እኮ እሱን ነው የምልህ።»

«አቶ ደጉ፣ ልጄ ጋሼ ነው የምትለኝ።»

አቶ ደጉ ክፉ ሰው አልነበሩም። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። የራሳቸው ጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቶታል፤ የራሳቸውም ማኅደር እዚያው ማሽን ውስጥ ነው። «ሰው አምጣ፤ ያን ዕለት እፈርማለሁ» አሉ። «ሰው ሳይኖር ብፈርም ግን እኔም በሕግ እጠየቃለሁ።»

አንድ ወጣት ተመደበለት። ሁለት ሳምንት ቆየና ከዕለታት አንድ ቀን ደብተሩን ዘጋ።

«ጋሽ ይሄነው፣ እንዳይቀየሙኝ። ይሄንን ሲቪዬ ላይ ምን ብዬ ልጻፈው? ጥርባ ላይ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ ብል ጀልባ የምቀዝፍ ነው የሚመስላቸው።»

ሁለተኛዋ አንድ ሳምንት ቆየች፤ ምክንያትም አልሰጠች።

በሰኔ አንድ እሑድ ወደ ዑስማን ሱቅ ሄደ። ከሄደ ቆይቷል። ዩኒቨርሲቲው በከተማው ከተከፈተ ወዲህ ሰዉ በዝቶ ከስልሳ አልፏል፤ ዑስማን የጎረቤቱን ክፍል ጨምሮ ተከራይቷል። በየጠረጴዛው ተከፋፍለው ተቀምጠዋል፣ ትልቁ ጠረጴዛ የላራቬል ነው። ልጆቹ የሚነጋገሩት በአጭር በአጭር ቃል ነው፤ አንዱ ግማሹን ሲናገር ሌላው ይጨርስለታል። ይሄነው የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደሚቀመጥ ሳያውቅ በሩ አጠገብ ቆመ። ዑስማን አይቶት መጣ።

«ቤቱ እንዴት ነው?»

«በሩ ከውጭ ነው የሚቆለፈው።»

ዑስማን አልሳቀበትም። «አየህ እነዚህን ልጆች?» አለ። «ጥርባን አፍርሰህ ላራቬል ላይ ጻፈው። ከዚህ ጠረጴዛ ማንኛውም ልጅ በወር ይረከብሃል። ያን ሠላሳ መስመር አስገባና ተገላገል።»

«አሁንም ሠላሳ ነው የምትል?»

«ሳይጨምር ሳይቀንስ።»

ይሄነው በዚያ ሳምንት ባሕር ዳር ያለውን ድርጅት ደውሎ ጊዜ ጠየቀ። እስከ መስከረም አሉት። በመስከረም ሲደውል እስከ ታኅሣሥ አሉት። በታኅሣሥ ሲደውል «በሩ አልተዘጋም» አሉት፤ ወር አልጠቀሱም።

ከሐምሌ እስከ ጥር ጥርባን አፈረሰ። ያፈረሰው ከሠራው ባላነሰ ጥንቃቄ ነው፤ «አምጣ»ን አንሥቶ በምትኩ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ትእዛዝ ይተካል፣ ይሞክረዋል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። የቀኑን ጉዳይ መጨረሻ ላይ አስቀረው። በአንድ ጠዋት ጻፈው። ሲጨርስ መስመሮቹን ቆጠረ። ሠላሳ አራት ናቸው፤ ዑስማን በአራት ተሳስቷል። አሥራ አምስት ወር የፈጀበትን ነገር በሠላሳ አራት መስመር ከጨረሰ በኋላ ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራም።

ተረካቢ ትሆን ዘንድ የመጣችው ሙሉነሽ ትባላለች። የዳንግላ ልጅ ናት፣ ከዑስማን ጠረጴዛ ላራቬል የተማረች። የቋሚ መደብ ስላልነበረ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 30 ቀን 2011 በኮንትራት ተቀጠረች፤ አቶ ደጉ ሲያልቅ ይታደሳል ብለዋል። ፈጣን ናት፤ ያልገባትን ሦስት ጊዜ ለመጠየቅ አታፍርም።

ማኅደሮቹን ከወረቀቱ ጋር ያመሳከሩት በንባብ ነው። እሷ ከወረቀቱ ታነባለች፣ እሱ ከማሽኑ ይመልሳል። ጥር 23 ቀን፣ ከተማው ሁሉ የፈረሰኞቹን ጉግስ ለማየት ወደ ሜዳ ሲወጣ፣ ሁለቱ የ«ሸ» መደርደሪያ ላይ ነበሩ። ጩኸቱና ጥሩንባው እስከ ክፍሉ ይሰማል።

«ሽባባው አላምረው» አለች ሙሉነሽ። «መምህር። የሞቱበት... ጳጉሜ 3 ቀን 2005።» ቀና ብላ አየችው። «አባትዎ ናቸው?»

«አዎ። ቀጥይ።»

«የእርስዎን ይበሉ እንጂ። ከማሽኑ።»

ማሽኑ ውስጥ የተቀመጠው ሴፕቴምበር ስምንት ነው። ገጹ ላይ የሚነበበው ግን ጳጉሜ 3 ቀን 2005 ነበር። ይሄነው አነበበው። ውስጡ ያለውን ከሱ በቀር ማንም አያየውም፤ እሱ ግን ያየዋል።

«ልክ ነው?» አለችው።

«ልክ ነው» አለ።

ርክክቡ ለሰኞ የካቲት 18 ተቀጠረ። ይሄነው ሃያ ስድስት ገጽ የርክክብ ሰነድ አዘጋጀ። ለፀደይ ደውሎ ነገራት፤ ፀደይ ስልኩን ለምሕረት ሰጠቻት። ሁለት ዓመት አልፏታል። «ጋሼ፣ ብስኩት» አለችው።

ዓርብ የካቲት 15 ከሰዓት በኋላ ሙሉነሽ ወንበሯን ይዛ ወደ ጠረጴዛው መጣች። እጇ ውስጥ ወረቀት ነበረ።

«ጋሽ ይሄነው፣ የሆነ ነገር ልነግርዎት ነው። እንዳይቆጡኝ።»

«ንገሪኝ።»

«ሥራ አገኘሁ። ባሕር ዳር። ኮንትራቴ የካቲት 30 ስለሚያልቅ መልቀቂያም አያስፈልግሽም አሉኝ።»

«ምን ዓይነት ድርጅት ነው?»

«ሶፍትዌር የሚሠሩ ናቸው። ከታች መድኃኒት ቤት አለ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ፈተናው ላይ ምን ቢጠይቁኝ ጥሩ ነው? ቀን መቀየር! የእኛን ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጁን ወደ እኛ። ያን ሠላሳ አራት መስመር ቁጭ ብዬ ጻፍኩላቸው። ጳጉሜ ስድስትን ሳይቀር።» ከዚያ ደስታዋን መልሳ ያዝ አደረገችው። «ቦታው ዓመት ሊሆነው ነው አሉ። ሲጠብቁት የነበረ ሰው አልመጣ ብሎ ነው ያወጡት።»

ይሄነው ያን ደረጃ ወጥቶታል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ያለውን የተሰነጠቀ የበር መስታወት ያስታውሰዋል። ዲከረንሱን በመስኮት አየ።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አላት።

«እውነትዎን ነው?»

«እውነቴን ነው። ይገባሻል።»

አለመቆጣቱን ስታይ ሌላውን ለመናገር ድፍረት አገኘች። «እና ደግሞ አስቤበታለሁ። እስከ ሠላሳ እኮ እዚህ ነኝ። ሰኞ እረከብዎታለሁ፣ እፈርማለሁ። እርስዎ ይሂዱ። ከዚያ ወዲያ የአቶ ደጉ ጉዳይ ነው።»

ያን ቅዳሜና እሑድ ወደ ባሕር ዳር አልሄደም። ሰኞ አጠቃልሎ ለመሄድ ነው ብሎ ለፀደይ ነገራት። ልብሱን በሻንጣ ከተተ፤ የዕቃውን ዝርዝር ሠራ። ፊርማው ሐሰት የለበትም። ሰኞ ዕለት ሙሉነሽ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ናት፤ ሥራውን ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ በገዛ እጇ ትፈርማለች። ይህን ለራሱ ደጋግሞ ነገረው። የአባቱን ቀን የመዘገበችውም ሠራተኛ የቀረበውን መረጥኩ ነበር ያለችው።

ሰኞ ጠዋት ሙሉነሽ በተረካቢው መስመር ላይ ፈረመች፤ ስሟንና ቀኑን ጻፈች። አሥራ አንዱም ሞላ። ይሄነው ቅጹን ይዞ አቶ ደጉ ቢሮ ገባ። አቶ ደጉ ከላይ ወደ ታች አዩት፤ ማህተሙን ከመሳቢያ አወጡ፤ ቀለሙን ነካ ነካ አደረጉበት።

«ጎበዝ ልጅ ነች አይደል?» አሉ።

«በጣም።»

«መቼም ኮንትራቷን እናድሳለን። ትቆያለች አይደል?»

ይህን ያሉት ለወግ ነው፤ ዓይናቸው ማህተሙ ላይ ነበር። ይሄነው አዎ ማለት አያስፈልገውም ነበር፤ ዝም ማለትም ይበቃ ነበር።

«እስከ የካቲት 30 ነው የምትቆየው» አለ። «ሌላ ቦታ ተቀጥራለች።»

ማህተሙ እጃቸው ላይ እንዳለ ቆመ። አቶ ደጉ ቀና አሉ።

«ምነው አንተ ሰውዬ» አሉ፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ። «ምነው ዝም ብትል?»

«ጠየቁኝ።»

«ጠየቅኩህ! ሰው እኮ ብዙ ነገር ይጠይቃል።» ማህተሙን መሳቢያ ውስጥ መልሰው አስቀመጡ። «አሁን ከሰማሁ በኋላ ምን ላድርግ? ንገረኝ እስቲ፣ ምን ላድርግ?»

ይሄነው ቅጹን ከጠረጴዛው አንሥቶ አጠፈው።

«በል፣ ከዚያ ከዑስማን ሱቅ ሌላ ልጅ ፈልግ። ስልሳ አሉ አላልከኝም? ማስታወቂያ አወጣለሁ።»

«እሱም ከለመደው በኋላ ይሄዳል።»

«ይሄዳል» አሉ አቶ ደጉ። «ምን ይደረጋል?»

የሙሉነሽን የሥራ ልምድ ደብዳቤ የጻፈላት ይሄነው ነው። ከመስከረም 1 ቀን እስከ የካቲት 30 ቀን 2011 በትጋት ማገልገሏን መሰከረ። ቦታው የማን እንደነበረ አልነገራትም። ስትሄድ «ባሕር ዳር የሚላክ ነገር ካለ» አለችው፤ ሁለት ፓኬት ብስኩት ሰጣት።

ከዚያ በፊት ግን፣ በዚያው ሰኞ፣ ከሥራ ሲወጣ ለፀደይ ደወለ። ዝናብ ስላልነበረ በደንብ ይሰማ ነበር። ነገራት። ከፀደይ ኋላ የአከራዮቹ ልጆች ሲጫወቱ ይሰማል።

«እሺ» አለች። «ቆይ፣ እሷ ልታወራህ ነው።»

«ጋሼ» አለች ምሕረት። «መቼ ነው ምትመጣ?»

ይሄነው በዚያ ክፍል ውስጥ የሰባት ሺህ ሰው ቀን ያውቃል፣ የተወለዱበትን፣ የተቀጠሩበትን፣ ያረፉበትን። ሻንጣው እንደታሰረ አልጋው ሥር ነው። ቅጹ ኪሱ ውስጥ ነው፣ አሥራ አንድ ፊርማ ያለበት፣ ማህተም የሌለው።

«እመጣለሁ» አላት፤ ቀን አልጠቀሰም።